ጎርጎራ ላይ ያልነበረው ጨው

የወንድሜ ልጅ ጠበቃ ናት። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። በቀደም ልጠይቃት ብገባ ያ የማውቀው የመዝገብ ክምር ጠረጴዛዋ ላይ የለም። አንዲት ስስ ኮምፒውተርና ስልኳ ብቻ ተቀምጠዋል።

«ጸሐፊሽስ?» አልኋት።

«ጸሐፊዬ ይኸውልዎት፣ አጎቴ» ብላ ስልኩን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል አለችኝ። ባለጉዳዩ ሲናገር እየሰማ ይጽፋል፤ የጻፈውን ያሳጥራል፤ የትኛው አንቀጽ እንደሚነካው ይጠቁማል፤ ሲታዘዝም የክስ ማመልከቻውን አርቅቆ ይሰጣል። «ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ያፈሰኝ የነበረውን ሥራ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሰዋል» አለች። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ ሲሞገስልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ጉድለቱን ነው።

«ይሳሳታል?»

«አንዳንዴ። እኔስ ለምን እዚህ ተቀመጥሁ?»

«ሰው ሲስቅ ምን ብሎ ይጽፋል?»

አሰብ አደረገች። «ሳቅ አይጽፍም። ይዘለዋል።»

ወንበሬን ከስልኩ ራቅ አደረግሁ። እሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ስልኩም፣ እንዳለችው፣ ሳቋን ዘለለው።

እኔ ግን አልቀለድሁም። ሳቅ የማያውቅ ማሽን አንድ ጊዜ መስክሮብኛል። በእሱ ምስክርነት ባሕር ዳር ውስጥ እንደ በግ ታጥሬ ከርሜአለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሥራዬ ባሕር ላይ ነበር፤ እኛ ባሕር የምንለው ጣናን ነው። ጨርቅ፣ ሳሙናና ክብሪት ይዤ በጀልባ ጎርጎራ እሻገራለሁ፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ይዤ እመለሳለሁ። ጀልባው በማይኖርበት ቀን ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ጆንያ አንጥፌ ጨው እቸረችራለሁ። ባለሱቅ ለመሆን ገንዘቡም ፈቃዱም አልነበረኝም፤ ብርቱ እግርና ብርቱ ምላስ ነበረኝ፤ ለእኔ ንግድ ይበቃል።

በዚያ ሰሞን ጨው ጠፋ። ጨው ሲጠፋ ቀበሌ ጨው አይፈልግም፤ ጨው የደበቀ ሰው ነው የሚፈልግ። እሱ ደግሞ ከጨው ይልቅ ቶሎ ይገኛል።

እኔ የቀረችኝ ከጆንያ ሥር ተራግፋ የተሰበሰበች ነበረች። እሷን በቲማቲም ጣሳ እየሰፈርሁ ስሸጥ፣ ከጎርጎራ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ፊቴ ቆመች። ሸቀጧን ሸጣ ጨርሳ የመመለሻ ጀልባዋን ለመያዝ ተቻኩላለች፤ ቢሆንም ዋጋ ሳትከራከር ልትሄድ አይደለም።

«ኧረ ጣሳውን ሞላ አድርገው! ጨው ሳይሆን ወርቅ አስመሰልኸው እኮ!»

«ወርቅስ ቢሆን ሞላ አደርግልሽ ነበር፤ ወርቅ ወጥ አያጣፍጥም።»

«ተወው በቃ፤ ሌላ ዘንድ እገዛለሁ።»

«ሂጂ! ምን ቸገረኝ! ጎርጎራ ላይ መጋዘን ሙሉ ጨው አለኝ። ዋጋው ጣራ እስኪነካ አላወጣውም። አንቺ ባትገዢኝ ጦሜን አላድርም!»

ሴትዮዋ ቀና ብላ ፊቴን አየች፤ ከዚያ ዝቅ ብላ እግሬን አየች። ያደረግሁት በረባሶ ነው፤ የአንደኛው ማሰሪያ ተበጥሶ በሽቦ ቋጥሬዋለሁ።

«አንተ ባለመጋዘን!» አለች። «መጀመሪያ ያንን ሽቦ ከእግርህ ፍታ!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከግራ ከቀኝ ያሉት ቸርቻሪዎችም ሳቁ። ጣሳውን ሞልቼ ሰፈርሁላት፣ ከላይም መረቅሁላት፤ እየሳቀች ወደ ጀልባዋ ሄደች።

ገበያ ላልዋለ ሰው ይኸን ማስረዳት ይከብዳል። ነጋዴ «ከስሬ ነው የምሸጥልህ» ሲል፣ ገዢ ደግሞ «ያለኝ ይኸው ነው፣ ልጆቼን ይንሳኝ» ብሎ ሲምል፣ ሁለቱም አይዋሹም፤ ሁለቱም እውነት አይናገሩም። እንደ ሰላምታ ነው። «እንደምን አደርህ» ያለህ ሰው ሁሉ አዳርህ አስጨንቆት አይደለም። ከስሬ ነው ያለ ሁሉ ከስሮ ቢሆን ኖሮ ገበያ የሚባል ነገር ከነስሙ በጠፋ ነበር። ይኸን የማያውቅ ሰው ጎጃም ውስጥ የለም እል ነበር፤ ለካ አንድ አለ፤ እሱም ሰው አይደለም።

ከጎኔ አንድ ሰውዬ ዘንቢል ይዞ ቆሞ ነበር። ከዘንቢሉ አፍ ጎመን ይታያል። ጎመኑን አይቼ ጥሩ ጎመን ነው ብያለሁ በልቤ። ከጎመኑ ሥር ግን የቀበሌያችን ድምፅ መቅጃ ቴፕ ነበር፤ ሰውዬውም የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ ነው።

ያ ቴፕ ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ ስብሰባ ተጠርተን ተመርቋል። የሸንጎው ሊቀመንበር የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ጉቦ አይነካም፣ አይስቅም፣ ማሽን ይወዳል። መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ጓዶች፣ ከእንግዲህ ፍርድ በአፈ ጮሌ አይጣመምም። ሰው ምስክር ይረሳል። ሰው ምስክር ይፈራል። ሰው ምስክር በቅቤ ይገዛል። ቴፕ ቅቤ አይበላም!» አለ። አጨበጨብን። እኔም ከልቤ ነው ያጨበጨብሁ። በሐሰት ምስክር ቦታውን የተነጠቀ፣ ሚስቱን የተነጠቀ ስንት ሰው አውቃለሁ። ቅቤ የማይበላ ምስክር ሲገኝ ማን ይጠላል?

እንግዲህ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ያጨበጨብሁለት ምስክር በኋላ እኔኑ ሊከስ መጣ።

ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ከገበያ አንሥተው ወሰዱኝ። ሸንጎው የሚያስችለው ከአንድ እህል ነጋዴ በተወረሰ መጋዘን ውስጥ ነበር። ከዓባይ የሚመነጨው መብራት ፋብሪካውን ሲያዞር ይውላል፤ መጋዘኑን ያሠራው ነጋዴ ግን ጤፍ መብራት ምን ያደርግለታል ብሎ መስመር ሳያስገባ ነው የተወረሰ። ስለዚህ ቴፑ የሚናገረው በባትሪ ድንጋይ ነው። ይኸን ልብ በሉልኝ፤ እኔን ያሠረኝም የፈታኝም ያ ድንጋይ ነው።

ጸሐፊው ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አኖረና ተጫነው። ድምፄ ወጣ።

የራሴን ድምፅ ከራሴ ውጭ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ የማውቀው ድምፄ ወፈር ያለ፣ የሚታመን ነው። ከሳጥኑ የወጣው ግን ቀጠን ያለ፣ ቀልጠፍ ያለ፣ ብልጣ ብልጥ ሰውዬ ነው። እኔ ብሆን ከዚያ ሰውዬ ጨው አልገዛም።

«...መጋዘን ሙሉ ጨው አለኝ። ዋጋው ጣራ እስኪነካ አላወጣውም...»

ጠቅ። ጸሐፊው አቆመው።

«ይኸ ድምፅ ያንተ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የኔ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጨው አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ አለኝ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።»

«የፊተኛው ነው ውሸቱ። የገበያ ነው።»

«የገበያ ውሸት ከሸንጎ ውሸት በምን ይለያል?»

እጄን ወደ ቴፑ ዘረጋሁ።

«እባክዎ ጓድ» አልሁ፤ «ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ያሰሙልኝ። ሴትዮዋ የመለሰችልኝ አለ፤ ስቀናል። ሳቁን ከሰሙት ይገባዎታል።»

ሊቀመንበሩ ጸሐፊውን አየው። ጸሐፊው ቴፑን እንደ ሕፃን በመዳፉ ሸፈነው። «ድንጋይ በከተማው የለም። ለክሱ የሚያስፈልገው ተሰምቷል።»

«እንግዲያ ሴትዮዋን ላምጣ። ጎርጎራ ናት።»

«አንተ ከከተማው እንዳትወጣ ታግደሃል።»

«ሰው ልላክባታ!»

«ስሟ ማነው?»

ስሟን ከየት አመጣለሁ? በገበያ ስም አይጠያየቁም። እኔ የማውቅላት ስለ ሽቦዬ የተናገረችውን ብቻ ነው።

«ስሟን የማታውቃትን ሴት ምስክር ትላለህ!» አለ ሊቀመንበሩ፤ በቁጣ ሳይሆን በትዝብት። ከዚያ ትእዛዙን ተናገረ፦ ደበቅሁት ያልሁትን ጨው እስከሚመጣው ቀጠሮ ድረስ ለሕዝብ ላስረክብ፤ ካላስረከብሁ ወህኒ ልወርድ። እስከዚያው ከከተማ እንዳልወጣ፣ የይለፍ ወረቀትም እንዳይሰጠኝ፤ ዋስም ልጠራ።

ዋሴ የባለቤቴ አባት ሆኑ። መሪጌታ ናቸው፤ በባሕሩ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ይመራሉ። ዋስም ከከተማ አይወጣም ተባሉ። ደሴቱ ላይ ላለው ገዳም ክብረ በዓል በየዓመቱ በታንኳ ተሻግረው የሚቆሙ ሰው፣ በዚያ ዓመት ከዳር ቆመው ከበሮውን በነፋስ ሰሙት። «ከሩቅም ጥሩ ይሰማል» አሉ ብቻ።

ባሕር ዳር ውብ ከተማ ናት ይላሉ፤ ነችም። መውጣት የተከለከለ ሰው ግን ዘንባባ አይታየውም። በአንድ ወገን ድልድዩ ላይ ጥበቃ አለ፤ ዓባይ ማዶ ዘመድ ልጠይቅ ብል ወረቀት ይሉኛል። በሌላው ወገን ባሕሩ ነው። ጠዋት ወደብ እሄድና ጀልባው ሲሞላ አያለሁ፤ ከእኔ ጋር ይነግዱ የነበሩት ሻንጣቸውንና ጆንያቸውን ይጭናሉ፤ መልሕቅ ይነሣል፤ ጀልባው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። እኔ የምራመደው ውኃው ጫማዬን እስኪነካ ብቻ ነው። ውኃው መጥቶ ይነካኝና ይመለሳል። እሱ ወረቀት አይጠየቅም።

ከሁሉ የባሰው ግን ጎረቤት ነው። መጀመሪያ ይሸሹኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሸሹኝም፤ በጓሮ በር መጡ።

«ለኔ ብቻ፣ ለማንም አልናገርም፤ ትንሽ ለወጥ» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የለኝም እኮ! ያ የገበያ ወሬ ነው።»

«ይገባኛል፣ ይገባኛል። ለሸንጎው እንደዚያ በል። ለኔ ግን...»

የለኝም ባልሁ ቁጥር ይበልጥ ያምኑኛል፤ መኖሩን። ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት እየተቀየሙኝ ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ አልጫ ያለ ጨው ሠርታ አቀረበችልኝ። በላን። ከዚያ ገበታውን ሳታነሣ ፊቴን አየችኝ።

«እውነት የለህም?» አለች።

ከእኔ ጋር ስንት ዓመት የኖረች፣ ኪሴን ከእኔ ይልቅ የምታውቅ ሴት ናት። እሷንም ማሽኑ አሳመናት።

«እንዲህ ያለ አልጫ እየበላሁ?»

«እኔስ እሱን አይቼ አይደል ዝም ያልሁ! ግን ድምፅህ እኮ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሰምቶታል።» ቆይታ ደግሞ፣ «እንግዲያውስ ከየትም ብለህ ግዛና አስረክብ፤ ይገላግሉህ» አለችኝ።

ይኸ ምክር ከሷ ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉም ነው የመጣ። እኔም አስቤበታለሁ፤ ነጋዴ የማያስበው መንገድ የለም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ጨው የሚሸጥልኝ ጨው የደበቀ ሰው ብቻ ነው። ከእሱ ልገዛ ስሄድ ብያዝ በእውነት ደባቂ ነኝ። ሳልያዝ ገዝቼ ባስረክብም «ይኸውና ነበረው» ይባላል። የሌለኝን ጨው ላለመደበቄ ማስረጃው ጨው ማቅረብ ሆነ። እንዲህ ያለ ሒሳብ በንግድ ገጥሞኝ አያውቅም።

ቀጠሮው ደረሰ፤ ባዶ እጄን ቀረብሁ። ሊቀመንበሩ ክሱ እንደገና ይሰማ አለ። ጸሐፊው ተጫነው። ቴፑ እንደ ተኛ ሰው አንድ ጊዜ አንኮራፋና ዝም አለ።

«ድንጋዩ አልቋል» አለ ጸሐፊው።

«ማስረጃው ስለደከመ» አለ ሊቀመንበሩ እያጻፈ፣ «ጉዳዩ በሌላ ቀጠሮ ይታያል። እገዳው እንደጸና ይቆያል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መብራት ያለበት ቤት ወስደን እናሰማው! ፋብሪካችሁ አለ አይደል?»

«ማስረጃ ከሸንጎው አይወጣም።»

እንግዲህ ማስረጃውም እንደኔው ታግዷል ማለት ነው። ድንጋይ ካልተገኘ ቴፑ አይናገር፤ ቴፑ ካልተናገረ ነገሬ አያልቅ፤ ነገሬ ካላለቀ ባሕሩን አልሻገር። ድንጋይ ፈልጌ ላመጣ እችል ነበር፤ የነጋዴ ጓደኛ መቼም ነጋዴ ነው። ግን ጨው ደብቋል የተባለ ሰው ድንጋይ ይዞ ቢቀርብ ምን እንደሚባል ለማወቅ ቴፕ አያስፈልግም።

መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ጠፍጣፋ አለት ላይ የሬዲዮናቸው ድንጋዮች ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። በዚያን ጊዜ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርግ፤ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ ይዘራል። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ ያገላብጧቸዋል።

«የኔታ፣ ድንጋዮቹን ያውሱኝ።»

«ሬዲዮኔን ዲዳ ልታደርግብኝ?»

«እኔ ወህኒ ከምወርድ ይሻላል ብዬ ነው።»

«እሱን እንኳ እንጃ። ሬዲዮው ካንተ ያነሰ ነው የሚዋሽ።» አንዱን ድንጋይ አንሥተው በጉንጫቸው ለኩት፤ ሞቋል። «ውሰድ። ነገር ግን ብዙ አትጠብቅባቸው። አልዓዛርም ተነሥቶ ኋላ ሞቷል።»

ለቀጠሮው አብረን ሄድን። ሰዉ መጋዘኑን ሞልቶታል፤ የኔ ጨው የከተማው ጨዋታ ሆኖ ነበር። መሪጌታ ድንጋዮቹን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«የሬዲዮኔ ናቸው፤ ነገሩ ይለቅ ብዬ ነው» አሉ።

ሊቀመንበሩ ድንጋዮቹን አየ፤ እሳቸውን አየ። «አባት፣ በዚህ ሬዲዮ የትኛውን ጣቢያ ነው የሚሰሙ?»

በዚያን ዘመን የዚህ ጥያቄ መልስ ሰው ያስበላል። ዋሴንም አስገባኋቸው አልሁ በልቤ።

«የያዘልኝን» አሉ መሪጌታ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳል መሰል ነገር አሰማ። ሊቀመንበሩ ጥያቄውን ተወው። ጸሐፊው ድንጋዮቹን ከተተና ተጫነ። ድምፄ ወጣ፤ ያ ብልጣ ብልጥ። «...ዋጋው ጣራ እስኪነካ...» የጸሐፊው ጣት ወደ ማቆሚያው ስትሄድ እኔም የተዘጋጀሁበትን ተናገርሁ።

«ድንጋዩ የመሪጌታ ነው፣ ጓድ! የሸንጎው ንብረት አይባክንም። ይቀጥል!»

ሊቀመንበሩ ነገሩ አግባብ መሰለው። «ይቀጥል» አለ።

እፎይ አልሁ። አሁን የሽቦው ነገር ሊመጣ ነው፤ አሁን ሳቁ ሊመጣ ነው፤ ይኸ ሁሉ ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ሲስቅም እፈታለሁ። እንዲያውም ከንፈሬ ቀድሞ ፈገግ ብሏል።

ያን ጊዜ ነው ድንጋዩ የደከመው።

ድምፄ «ጦሜን አላድርም» ሲል ዝቅ አለ፤ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ሰው ሆነ። ሴትዮዋ ቀጠለች፤ ግን ሴት አይደለችም፣ ጉሮሮው የታመመ ሽማግሌ ናት። «አ...ን...ተ...» ከዚያ ወዲያ ቃሉ ተጎትቶ፣ ቀልጦ፣ የሚያዝ ነገር አልነበረውም። ሽቦዬ የት እንደገባ አላወቅሁም። ቀጥሎ ሳቃችን መጣ። ሳቅ ሲጎተት ምን እንደሚሆን ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ኦ...ሆ... ኦ...ሆ...» ይላል፤ ወንድም ሴትም አንድ ላይ፤ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እንደገና ይነሣል። ልክ አስከሬን ከቤት ሲወጣ እንደሚለቀሰው።

ከሸንጎው አባላት መካከል አንዲት የሴቶች ማኅበር ተወካይ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ውይ በሞትሁት!» አሉ። «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንሰቀሰቅ?»

ቴፑ አንዴ አቃሰተና ቆመ።

«ማነው ያለቀሰው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ጸሐፊው ያውቃል። ጎመን ተሸክሞ አጠገቤ ቆሞ የነበረ ሰው ነው፤ ምናልባትም አብሮን ስቋል። አየኝ፤ አየሁት። ሳቅ ነው ቢል፣ «ታዲያ እስከዛሬ ለምን አላሰማኸንም?» ይባላል። እሱም እንደኔው ታጥሯል።

«ተከሳሹ ይመስለኛል» አለ።

ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ያን ቀን ያየሁትን ለስላሳነት ከዚያ በፊት አላየሁበትም። «ጓድ፣ አልቅሰሃል?»

ሳቄን ይዤ ነበር የመጣሁት። ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ስቄ ነው ብል ሰዉ የሰማው ልቅሶ ነው፤ ማሽኑን ሐሰተኛ ማለት ነው። ቢያምኑኝም «ሕዝብ ጨው አጥቶ አንተ ትስቃለህ?» ይመጣል። አልቅሻለሁ ብል ደግሞ የሌለ ጨው ደብቄ የሌለ እንባ አፈሰስሁ ማለት ነው። ወደ መሪጌታ አየሁ። መሪጌታ ጣራውን ያያሉ።

«ማሽኑ እንዳሰማው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልሁ።

ውሳኔው ሲነበብ እንደማለም እሰማ ነበር። ተከሳሹ ጨው መደበቁን በገዛ ድምፁ አምኗል፤ ወዲያውም በገበያ መካከል በምሬት በማልቀስ መጸጸቱን በገዛ ድምፁ አረጋግጧል። ስለጨውም የሴቶች ማኅበሩ ተወካይ፣ «እንዲያ ያለቀሰ ሰው ጨውን እየመጸወተ ጨርሶት ይሆናላ» ብለው ተከራከሩልኝ፤ ተቀባይነት አገኘ። ወህኒው ቀረልኝ። እገዳው ተነሣ፤ ጨው ከመነገድ ግን ተከለከልሁ። በመጨረሻም፣ በከተማው ጨው በጠፋ ቁጥር ቀርቤ እንድጠየቅ ታዘዘ። ሰዉ አጨበጨበ። በዚያ ዘመን ጨው መጥፋቱን ከሚስቶቻችን ቀድሜ የማውቅ እኔ ነበርሁ፤ ጥበቃዎቹ በሬን ሲያንኳኩ።

ይኸን ሁሉ ስነግራት የወንድሜ ልጅ በሙያዋ ተናደደች። «ሙሉ ቅጂው ሊሰጥዎት ይገባ ነበር! ዛሬ ቢሆንማ የድምፁን ፍጥነት ማሽኑ ራሱ ያስተካክለው ነበር፤ ሳቁም ሳቅ ሆኖ ይወጣ ነበር» አለችኝ።

«ማን ጠይቆት?» አልኋት።

የዚያን ቀን ከሸንጎው ስንወጣ መሪጌታን፣ «የኔታ፣ እርስዎንም ልቅሶ መሰለዎት?» አልኋቸው።

«ማንኛውም ዜማ ሲጎትቱት ወደ ልቅሶ ይሄዳል» አሉ። ጥቂት ከሄድን በኋላ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ። «እኔ ዝም ያልሁ ለሬዲዮዬ ነው። አንተ ለምን ዝም አልህ?»

መልሴን ሳይጠብቁም፣ «ድንጋዮቼን አልመለሱልኝም እኮ» እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የይለፍ ወረቀቴን ይዤ በመጀመሪያው ጀልባ ተሳፈርሁ። ባሕር ዳር ከኋላዬ እያነሰች ሄደች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሳየው የኖርሁትን መጥፋት አሁን እኔ ጠፋሁት። ጮኼ እዘፍናለሁ ብዬ ነበር። ጎርጎራ እስክደርስ ከጎኔ ላሉት መንገደኞች ስለ አየሩ ብቻ ነው የተናገርሁ፤ እሱንም አሳጥሬ።

ጎርጎራ ገበያ ሳሙናና ክብሪቴን ዘርግቼ እንደተቀመጥሁ ያቺ ሴት መጣች። ከሩቅ ለየችኝ።

«ባለመጋዘኑ!» አለች ሰዉ እስኪዞር። «መጣህልን! እስቲ ከዚያ ጨውህ አውጣልን!»

ከጎኗ አንድ ሰውዬ ዘንቢል በክንዱ አንጠልጥሎ ቆሟል። ዘንቢሉ ተሸፍኗል። እኔ እሷን ትቼ ዘንቢሉን አየሁ።

«ጨው የለኝም» አልሁ።

ጠበቀችኝ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሳቋን ከንፈሯ ጫፍ ላይ ይዛ፣ ቀጣዩን ጠበቀች። ቀጣዩ አልመጣም። ምላሴ ላይ ነበር፤ ሁሉንም አውቀው ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ከመውጣቱ በፊት ወደ ዘንቢሉ ይዞርብኛል።

«ሳሙናውስ? አይረክስም?»

«አይረክስም።»

«ከስሬ ነው የምሸጥ አትልም እንዴ?»

«አልከሰርሁም።»

ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ፊቴን አየች፤ እግሬንም አየች፤ ሽቦው አሁንም አለ።

«ምነው፣ አሞሃል?» አለችና ቀጥሎ ወዳለው ነጋዴ አለፈች። ወዲያው ክርክራቸው ሞቀ፤ ሰውዬው በሞተች እናቱ መማል ጀመረ።

ባለዘንቢሉ ሰውዬ ሊሄድ ዘንቢሉን ወደ ሌላው ክንዱ ሲያዞር፣ ከመሸፈኛው ሥር አንዲት ዶሮ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ።